ሃያና ዐሥራ አራት

በዚያ ክፍል ውስጥ የነበርነው ስድስት ነን። ሐጂ ኑሩ፣ የመጋረጃ ሱቁ ባለቤት፣ የሞያሌ ሰው፣ በሩ አጠገብ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ። ጋሽ ተፈራ፣ ጨርቅ ቆራጩ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ቆመው። ዓለም፣ ገበርና ጠርዝ የምትሰፋው፣ በመስኮቱ በኩል ባለው የስፌት መኪና ላይ። ሂሩት፣ የመጋረጃውን ሽብሽብ የምትሰፋው፣ ከዓለም ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ። ዋምቡይ፣ በካውያ የምትተኩሰው፣ ጥግ ላይ፤ ከስድስታችን አማርኛ የማትሰማው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ዮናስ፣ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ቀለበትና መንጠቆ የምሰካው፣ መሬት ላይ። ደንበኛና ደላላ ይገባል ይወጣል፤ እነሱን አልቆጥርም።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር አንድ አፓርታማ ውስጥ የገጠመኝ ትንሽ ነገር ነው። አሁን የራሴን ሥራ እሠራለሁ፤ መስኮት እለካለሁ፣ መጋረጃ አሰፋለሁ፣ ወስጄ እሰቅላለሁ። የዚያ ቤት የሳሎን መስኮት ሁለት ሜትር ተኩል ነበር። ለመጋረጃ ጨርቅ ሲታሰብ በመስኮቱ ስፋት ላይ ለግራና ለቀኝ ጠርዝ ሃያ ሳንቲም ይጨመርና፣ ሽብሽብ እንዲኖረው ድምሩ እጥፍ ይደረጋል። አምስት ሜትር ከአርባ ይሆናል። በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ ፊት ግን ቁጥር ነክቶ ማሳየት ያስከብራል። ከኪሴ ርካሿን ካልኩሌተር አወጣሁና ሁለት ነጥብ አምስት፣ መደመር፣ ነጥብ ሁለት፣ ማባዛት፣ ሁለት ብዬ ነካሁ። አምስት ነጥብ አራት አለች። የቤቱ እመቤት ያንኑ በስልኳ ስትነካ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ አላት። «ወንድሜ፣ የማንን መስኮት ነው የለካኸው?» ብላ ሳቀችብኝ። ስልኩ ማባዛቱን አስቀድሞ እንደሚሠራ፣ ትንሿ ካልኩሌተር ግን እንደነገሯት በተራ እንደምትሠራ አስረዳኋት። ለመስኮቱ ትክክል የሆነው የኔዋ ነው፤ ለወረቀት ትክክል የሆነው የሷ ነው አልኳት። አስረድቼ ጨረስኩ፣ ልኬቱን ጻፍኩ፣ ተሰናበትኩ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ሳልወርድ ተቀመጥኩ።

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ስለ ዱሮ ለማውራት ገና ነህ የሚለኝ ይኖራል። ያ ክፍል የነበረበትን ሰፈር፣ ኢስትሊን፣ የሚያውቅ ሰው ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ስንት ዘመን እንደሆነ ያውቃል። መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም ነበር። ዝናብ ሲጥል ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጥ ስለነበር ሰባተኛው መንገድ መታጠፊያ ላይ የፕላስቲክ ቦት ጫማ የሚያከራይ ሰው ሁሉ ነበር፤ ተሻግረህ ወዲያ ማዶ ለወንድሙ ትመልሳለህ። ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ዐሥር ሺልንግ፣ ሻይ ዐሥራ አምስት፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ከከተማ ሃያ፤ ዝናብ ሲሆን ያው ማታቱ አርባ ይገባል። የጋሪ ገፊዎቹ ጩኸት፣ የማታቱው ሙዚቃ፣ የመስጊዱ አዛን፣ ሁሉም በአንድ መስኮት ይገባ ነበር። ዓለም መኪናዋን እየረገጠች መዝሙር ትዘምራለች፣ አዛን ሲጀምር ለሐጂ ብላ ታቆማለች፣ ሲያልቅ ካቆመችበት ስንኝ ትቀጥላለች። ካውያ ያረፈበት የአዲስ ጨርቅ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ ነው፤ እንደ ተቃጠለ ስኳር ያለ ነገር። ስቲማ፣ መብራቱ ማለት ነው፣ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ዝም ይልና ሐጂ «አልሐምዱሊላህ፣ ጆሮዬ አረፈ» ይሉ ነበር።

ሂሩት በዚያን ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁልጊዜ የምትለብሰው ሹራብ ቢጫ ነበር፤ ዓለም ቀዩን ነው የምታስታውሰው፣ እኔ ግን ቢጫ ነው እላለሁ፣ ክርኑ ላይ የጠቀመችበት ክር ብቻ ነው ቀይ። ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ነው ከአገር የወጣችው። ያን ዓመት ሙሉ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ለስደተኞች በሚሰጠው የፋርማሲ ረዳትነት ትምህርት መግባት። መግቢያው ፈተና ነው፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ፣ ካልኩሌተር አይፈቀድም። ፈተናው በዓመት አንዴ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነውን አይቀበሉም። ሂሩት ደግሞ በመጪው ጥር ሃያ ስድስት ይሞላታል። ስለዚህ ሌላ ዓመት የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ይህን ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁላችን እናውቅ ነበር።

«ነጭ ጋውን ለብሼ መደርደሪያ መሃል ቆሜ ነው የምታዩኝ» ትል ነበር።

ዓለም ቶሎ ትቀበላታለች። «የራስ ምታት ክኒን በነፃ ካልሰጠሽኝ አላውቅሽም።»

«የሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ አልሰጥም።»

«ኧረ ገና ሳትገቢ! ሐጂ፣ ሰሙልኝ? ወረቀት አምጪ እያለችኝ ነው!»

«እኔ የምሰማው መኪናችሁን ነው» ይላሉ ሐጂ፤ «እሱ ደግሞ ዝም ብሏል።»

እንግሊዝኛውን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ታጠናለች። ሒሳቡን የሚያስተምሯት ጋሽ ተፈራ ነበሩ። አገር ቤት መምህር ነበሩ ይባላል፤ እሳቸው ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፣ የሚጠይቃቸውም አልነበረም። ስለ ዱሮ ሲነሳ መቀሱን አንስተው ጨርቅ ላይ ያጎነብሳሉ። ረጅም ነበሩ። ቡናማ ኮታቸውን በሙቀትም አያወልቁም፤ የደረት ኪሱ በስፌት ጠመኔ ነጭ ሆኗል። ጠመኔው ለጨርቅ ብቻ ነው፣ ሰሌዳ የለም፣ ሁለት እጃቸው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በሙሉ በአፍ ነበር። መቀሱ እየሄደ፣ የሂሩት እግር እየረገጠ።

«ሁለትና ሦስትን ደምረሽ፣ በአራት አባዝተሽ፣ ከዚያ ላይ ስድስት ቀንሰሽ፣ ስንት?»

«ዐሥራ አራት፣ ጋሼ።»

«ሰባትን በሦስት አባዝተሽ፣ አንድ ቀንሰሽ፣ ለአምስት አካፍለሽ?»

«አራት።»

«ጎበዝ። እግርሽን ቀስ አድርጊው፣ ክሩ ሊበጠስ ነው።»

መጀመሪያ ላይ መኪናውን አቁማ ነበር የምታስበው። ሦስት ወር ሳይሞላ እግሯ ሳያቆም ትመልስ ጀመር። እኔም ታች ቁጭ ብዬ ቀለበት እየሰካሁ በሆዴ እሠራ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ትቀድመኛለች። እንዲህ ሲነገር ሒሳብ ምንም ግራ አያጋባም። ደምረሽ ከተባለ መጀመሪያ ይደመራል፤ አባዝተሽ ከተባለ ቀጥሎ ይባዛል። ቀድሞ የተነገረው ቀድሞ ይሠራል። አማርኛው ራሱ ሥራውን በተራ አሰልፎ ስለሚያቀብለን፣ ማንኛው ይቀድማል ብለን መጠየቅ የሚባል ነገር አልመጣብንም። ሂሩት የመደመርና የማባዛት ምልክት አይታ ታውቃለች፤ እነዚህን ነገሮች በአንድ መስመር ላይ ተደርድረው፣ ያለ ጋሽ ተፈራ ድምፅ፣ አይታ ግን አታውቅም።

እኔ አየሁ። እዚህ ላይ ነው የኔ ጉዳይ የሚጀምረው። ፈተናው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ከመንገድ ዳር፣ ላስቲክ ላይ ቀበቶና ባትሪ ከሚሸጥ ሰው፣ የክላስ ስድስት የሒሳብ መጽሐፍ በሃምሳ ሺልንግ ገዛሁ። ሽፋኑ የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ገጾች የሉም፣ ከኔ በፊት የነበረው ልጅ በእርሳስ ሞልቶታል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት እንደዚህ ካሉ መጽሐፎች ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ውስጥ ሳነብ ቦድማስ የሚል ቃል ደረስኩ። የቅደም ተከተሉ ስም ነው፤ ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያው ፊደል ተወስዶ የተሠራ። ቅንፍ ውስጥ ያለው ይቀድማል፣ ማካፈልና ማባዛት ይከተላሉ፣ መደመርና መቀነስ መጨረሻ ናቸው። ሥር ምሳሌ ነበረው፤ ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት። እኔ ሃያ አልኩ። መጽሐፉ ዐሥራ አራት ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የኅትመት ስህተት ነው ብዬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄድኩ፤ እሱም እንደዚያው ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ የሐጂን ትልልቅ ቁልፍ ያላት ካልኩሌተር አንስቼ ሞከርኩ። ሃያ አለች። ደስ አለኝ፤ ልቤ ግን አላረፈም። በአንድ በኩል ጋሽ ተፈራና ካልኩሌተሯ አሉ፤ በሌላ በኩል ሽፋን የሌለው መጽሐፍ። ካልኩሌተሯም እንደኛ በጆሮዋ የተማረች መሆኗን ያኔ አላወቅሁም።

በሻይ ሰዓት፣ ሁሉም ባለበት፣ ያለኝን ድፍረት በሙሉ ሰብስቤ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ማባዛት ከመደመር ይቀድማል የሚሉት ነገር አለ እንዴ?»

ጋሽ ተፈራ ማንዳዚያቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም። «አንተ ደግሞ! የሚቀድመውን እኔ ስነግርህ አይደለም እንዴ የምትሠራው?»

ዓለም ሳቀች። «ዮኒ ማንዳዚ ሲያልቅበት ሒሳብ ያምረዋል።» ሂሩትም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር።

ያን ቀን የገባኝ፣ ወይም የገባኝ የመሰለኝ፣ ጋሽ ተፈራ አያውቁም የሚል ነው። ያስተምሩ ነበር የሚባለውም እንዲያው የሰው ወሬ ይሆናል አልኩ። ከዚህ በኋላ ደግሜ ብጠይቅ ሰው ፊት ላዋርዳቸው ነው። ያን ኮት፣ ያን ቁመት፣ ሂሩት በመለሰች ቁጥር ፊታቸው ላይ የሚወጣውን ነገር አስቤ ይሉኝታ ያዘኝ። ለብቻዋ ለሂሩት ልንገራት ብዬም አሰብኩ። ምን ብዬ? ስድስት ወር ያስተማሩሽ ሰው ተሳስተዋል ልበላት? ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው? ደግሞስ መጽሐፉ ተሳስቶ ቢሆን? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዝም የምልበት ምክንያት አላጣሁም።

አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆ ልንመልስ ደረጃውን አብረን ስንወርድ ሂሩት ቆም አለች። እኔ ከሷ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ ነበር።

«ዮኒ፣ አንተ ማንበብ ትወዳለህ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ የቀረኝ ነገር አለ?»

«የለም» አልኳት።

«እርግጠኛ?»

«አዎ። ከኔ ትፈጥኛለሽ እኮ።»

ትከሻዬን መታ አደረገችኝና አልፋኝ ወረደች።

የፈተናው ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። ጋሽ ተፈራ ሁለት እርሳስ በጨርቅ መቁረጫው ምላጭ አሹለው፣ በቁራጭ ገበር ጠቅልለው ሰጧት። ሐጂ ኑሩ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። ዓለም ጫማዋን አውልቃ «ያንቺ ጭቃ ሆኗል፣ የኔን አድርጊ» ብላ ሰጠቻትና ቀኑን ሙሉ በሸበጥ ዋለች። እኔ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። «በርቺ» አልኳት።

ሰባት ሰዓት አካባቢ ተመለሰች። ጸጉሯ በስብሷል፣ ፊቷ በርቷል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መናገር ጀመረች።

«ጋሼ፣ ቀላል ነበር! እኔ ትልልቅ ቁጥር ነበር የፈራሁት። ሁሉም ትንንሽ ነው። ሁሉንም ሠርቼ ከሁሉ ቀድሜ ወጣሁ።»

«እስቲ የመጀመሪያውን ንገሪኝ» አሉ ጋሽ ተፈራ። ፈገግ ብለዋል፤ መቀሱ ወፍራም የመጋረጃ ጨርቅ ላይ እየሄደ ነው።

«ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት።»

«ቅንፍ አለው?»

«የለውም። ዝም ብሎ ነው።»

«ስንት አልሽ?»

«ሃያ።»

መቀሱ ቆመ። በዚያ ክፍል ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ጋሽ ተፈራ ጨርቅ መሃል ላይ መቀስ ሲያቆሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ከቆመ ጠርዙ ይጣመማል። የፊታቸው ቀለም ሲለወጥ አየሁና ያኔ ገባኝ። ያውቁ ነበር። ሁልጊዜም ያውቁ ነበር። «ጎበዝ» አሉ።

በዚያ ቢያልቅ ቢያንስ ያን ቀን በደስታ ትውል ነበር። ዋምቡይ ግን ሂሩት ከፈተና መምጣቷን አውቃለች፣ ደስታዋን አይታለች፣ አማርኛው ነው ያልገባት። ካውያውን ሳታነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ነበር ብላ በስዋሂሊ ጠየቀቻት። ሂሩትም በሳቅ «ምቢሊ ጁምሊሻ ታቱ ማራ ንኔ» አለቻት።

«ኩሚ ና ንኔ» አለች ዋምቡይ። ዐሥራ አራት ማለት ነው። ከጨርቁ ላይ ቀና አላለችም።

«አይ፣ ኢሺሪኒ» አለች ሂሩት። ሃያ።

«ኩሚ ና ንኔ። ቦድማስ!» ዋምቡይ ሳቀች። «ክላስ ፎር እኮ ነው።» ከዚያ ማንም እንዳልሳቀ አየችና ካውያውን አቆመችው። ምን እንዳጠፋች አልገባትም። ምንም አላጠፋችም። ደብተር አውጥታ ለሂሩት በእርሳስ ጽፋ አሳየቻት፤ አንድ ሻይ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ሂሩት ቆማ አየች። ሌሎቹን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እያስታወሰች በጣቷ መዳፏ ላይ ስትሠራ አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስትጨርስ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ መኪናው ላይ ተቀመጠች፣ የትናንቱን ሽብሽብ ካቆመችበት ቀጠለች።

ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ ዓለም ናት ሄዳ ያየችው። የሂሩት ስም አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለታችን ጥቅል ጨርቅ እያወረድን ሳለ፣ ጋሽ ተፈራ ነገሩን አነሱ።

«ያን ቀን ማባዛት ይቀድማል ወይ ያልከኝ፣ አውቀህ ነው?»

«መጽሐፍ ላይ አይቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ለምን አልደገምክልኝም?»

«እርስዎ የማያውቁ መስሎኝ።»

ጥቅሉን መሬት አስቀመጡት። «እኔ ደግሞ የምታሾፍ መሰለኝ። ማን ይህን አያውቅም ብዬ» አሉ። እንደገና፣ ለኔ ሳይሆን ለጨርቁ እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ቅንፉ እኮ አፌ ውስጥ ነበር። ደምረሽ ስላት ቅንፉን ዘግቼ ነው የምሰጣት። ወረቀት ላይ ማን እንደሚዘጋላት አላሰብኩም» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንንም ሒሳብ ሲያስተምሩ አልሰማሁም። ከአራት ዓመት በኋላ ታመው ሞቱ፤ ላንጋታ ነው የቀበርናቸው፣ በዝናብ። ሂሩት ያን ጊዜ ናይሮቢ አልነበረችም። ሁለት ዓመት ያህል አብራን ሠርታ እናቷ ታመሙና ወደ ሞያሌ ሄደች። የሰጠችኝ ቁጥር መጀመሪያ ይጠራ ነበር፣ ኋላ መጥራት አቆመ። ሕንፃው ፈርሶ በቦታው ባለ መስታወት የገበያ አዳራሽ ተሠርቷል። ባለፈው ወር አልፌበት የእኛ ክፍል የት ጋ እንደነበረ በዓይኔ ለመለካት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም፣ አሁን የሊፍቱ ቦታ ይመስለኛል።

ለሂሩት አልነገርኳትም። ሁለት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ቀለበት ስሰካ፣ መጽሐፉ ክፍሌ ውስጥ ፍራሼ ሥር እያለ፣ ዐሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ ዐሥር ጊዜ ዘግቻለሁ። እሷ የምታውቀው ጋሽ ተፈራ ረስተው እንደነበር፣ እኔም እንደሷ እንደማላውቅ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም አጽናናችኝ፤ «ቦድማስ ሁለታችንንም ነው ጉድ የሠራን፣ ዮኒ» አለችኝ።

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ፣ የረሳሁትን ሙሉልኝ። ሐጂ፣ ሞያሌ ሆነው ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካገኙ፣ ሂሩት አሁን የት እንዳለች ያውቃሉ? ዋምቡይን አልፎ አልፎ አገኛታለሁ፤ ዛሬም «ሂሩት ይቅር አለችኝ ወይ?» ትለኛለች። ዓለም፣ አንቺ ጁባ ሆነሽ ይህ ከደረሰሽ፣ የሹራቡን ነገር ተይው፣ ቀይም ይሁን። ሌላ ነው የምጠይቅሽ። ሂሩት ደረጃው ላይ የቀረኝ ነገር አለ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ከኋላችን ብርጭቆ ይዘሽ ትወርጂ ነበር። ያ ቀን ጋሽ ተፈራን በሻይ ሰዓት ከጠየቅሁበት ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ? እኔ የማስታውሰው በኋላ ነው። በፊት ከነበረ፣ ምንም ሳላውቅ «የለም» ብያት ከሆነ፣ እባክሽ ንገሪኝ። በኋላ ከነበረም ንገሪኝ። አውቀዋለሁ፤ ከሌላ ሰው አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም።